ሐጂ ጀላሉዲን ጥምጥማቸውን የፈቱ ዕለት

ሐጂ ጀላሉዲን ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል፤ ክንዳቸው ከሜትር አይሳሳትም ይባልላቸዋል። ሐኪም ቤት የሚያውቁት በአስታማሚነት ብቻ ነው። ያን ቀንም የወሰዱት ባለቤታቸውን ሉባባን ነበር፤ ራስ ምታት ሦስት ወር አሠቃይቷታል።

ሐኪሟ ፀደንያ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ጨምሮ እንዳይሆን ሠጋች። እርግጡ የሚታወቀው ወገብ ላይ በሚገባ መርፌ ሲለካ ነው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። መርፌው ሽባ ያደርጋል ሲባል ሰምተዋልና፣ የሚስቴን ወገብ አላስወጋም አሉ። ሐኪሟም በተከደነ ዐይን ላይ ግፊት ሲጨምር የሚሰፋውን የዐይን ነርቭ ሽፋን በአልትራሳውንድ የሚለካ፣ የማያሳምም ምርመራ እንዳለ ነገረቻቸው። የመርፌውን ያህል ይታመን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው፤ ለማነጻጸሪያም ፈቃደኛ የሆኑ ጤነኛ አስታማሚዎች ይለካሉ።

ሉባባ ፈራች። ሐጂ፣ "እኔ ልቅደምና እይ" ብለው ተጋደሙ።

ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ለካቻቸው። ቀጥላ ሉባባን ለካችና የሁለቱን ልኬት አነጻጸረች።

"የባለቤትዎ ደህና ነው። የሰፋው የእርስዎ ነው፣ አባቴ።"

ሐጂ ሳቁ። "ተቀያይሮብሻል፣ ልጄ። የታመመችው እሷ ናት።"

አብሯቸው የሳቀ የለም። ሐኪሟ፣ ሲያጎነብሱ ዐይንዎ ይጨልማል ወይ ብላ ጠየቀች። ሐጂ ጨርቅ ሊለኩ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ብርሃኑ ለአፍታ ድርግም ይል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሜትር ብለው ሁለት ተኩል ቆርጠዋል። ለማንም አልተናገሩም።

"ጥምጥሙን በየወሩ ይበልጥ ለምን እንደሚያጠብቁት ይንገሯት እንጂ" አለች ሉባባ።

ደነገጡ። ራሳቸውን ሲያማቸው በጥምጥሙ አጥብቀው እንደሚያስሩት ያላየችባቸው መስሏቸው ነበር።

ሐኪሟ ይህ ልኬት ብቻውን እንደማይፈርድ፣ መጀመሪያ ጭንቅላታቸው በሲቲ ስካን ታይቶ ከዚያ መርፌው እንደሚያስፈልግ አስረዳች። ግፊቱ እውነት ከሆነና ከቆየ ግን ዐይናቸውን ያጠፋዋል። ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ምን ትያለሽ?"

"የእኔን ወገብ አላስወጋም አሉ። የእርስዎን እኔ አስወጋለሁ።"

ሐጂ አልተከራከሩም። ጥምጥሙን ዙር በዙር ፈትተው ሰጧት። ግንባራቸው ላይ ገመድ የዋለበት የሚመስል ሰርጓዳ መስመር ቀርቷል። ሉባባ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ይህን ያህል ያምዎ ነበር?" አለች።

"ይህን ያህል መሆኑን እኔም አላወቅሁም" አሉ ሐጂ።