የሃምሳ አለቃ መንገሻ የክርስትና ስም

አባቷ ካረፉ ጀምሮ ሀረገወይን አምስት ቀን ሙሉ በቅጡ አልተኛችም። ሳን ሆዜ ያለው ጠባብ አፓርትማዋ በለቀስተኛ ተጨናንቋል፣ ስልኳም ከቻርጀር ተነቅሎ አያውቅም። የቀብሩ ወረቀት፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የለቀስተኛው ምግብ፣ ሁሉም እሷን ነው የሚጠብቀው። ብቸኛ ልጅ መሆን በደህና ቀን ደስ ይላል፤ በለቅሶ ጊዜ ግን ወገብ ይሰብራል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በቀብሩ ዋዜማ ቄሱ የአባቷን የክርስትና ስም ጠየቋት። አላወቀችውም።

ሃምሳ አለቃ መንገሻ ሲባል የማያውቃቸው ሐበሻ አልነበረም፤ ለፍትሐት ግን ሃምሳ አለቃ የሚባል ስም አያገለግልም። እናቷ በሕይወት የሉም። አባቷ ወደተወለዱበት ጎጃም ደወለች። የክርስትና አባታቸው ከሞቱ ዘመን የለውም፣ ታላቅ እህታቸውም አምና አርፈዋል። ቄሱ፣ ካልተገኘ በሚጠሩበት ስም እናደርሳለን ብለው አጽናኗት። አልተጽናናችም።

አባቷ አሥራ አንድ ዓመት ኤርትራ ውስጥ ተዋግተዋል፤ ከዚያ በሱዳን አድርገው አሜሪካ ገቡና ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ጠበቁ። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ወሬ ያስቀይሩ ነበር። ለልጃቸው የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናቅፋ አጠገብ አንድ ተራራ ላይ የወደቁ ጓደኞቻቸውን ያለ ፍትሐት አፈር ማልበሳቸውን። ታዲያ እኚህ ሰው ራሳቸው ስማቸው ሳይጠራ እንዴት ይሸኙ?

ሊያውቁ የሚችሉ አንድ ሰው ቀርተዋል፤ ኦክላንድ የሚኖሩት ጋሽ ነጋሲ። በዚያው ተራራ ላይ በወዲያኛው ወገን ሆነው ሲተኩሱ የነበሩ ኤርትራዊ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ፓርኪንግ ውስጥ በፈረቃ ሲሠሩ ተዋወቁ፣ ተዛመዱም። እሑድ እሑድ ዳማ ሲጫወቱ ላያቸው ግን ጦርነቱ ገና ያላለቀ ይመስል ነበር። ችግሩ፣ ጋሽ ነጋሲ ባለፈው ወር የልብ ኦፕሬሽን ስላደረጉ ለቀስተኛው ተመካክሮ መርዶው ከቀብር በኋላ ይነገራቸው ብሏል። ሐበሻ እንዲህ ነው፤ ከሚያውቀው ሰው ደብቆ ከማያውቀው መልስ ይፈልጋል።

በቀብሩ ዕለት ማለዳ ማንንም ሳታማክር መኪናዋን አስነሥታ ወደ ኦክላንድ ነዳች። መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገዱ በዚያ ሰዓት እንኳ ተዘጋግቷል፤ ከምን እንደምትጀምር እያሰበች ዓይኗ ይከደንባት ነበር።

ጋሽ ነጋሲ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩን ከፈቱ። ጥቁር ልብሷን አዩ።

“ቀደመኝ?” አሉ።

አለቀሰች። ለልባቸው ፈርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ክንዷን ይዘው አስገቧት፣ ውሃ ቀዱላት፣ ከጎኗ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

“ጋሼ፣” አለች እንደምንም፣ “የአባዬን የክርስትና ስም አላውቀውም።”

“ወልደ ሰንበት።”

ለማስታወስ እንኳ አላመነቱም። ዳማውን ትተው ስለዚያ ተራራ ያወሩበት አንድ እሑድ እንደነበር ነገሯት። እሳቸውም እዚያ ጓዶቻቸውን ያለ ፍትሐት ቀብረው ነበር። ያን ቀን የክርስትና ስማቸውን ተለዋወጡ፤ የቀረው የሟቹን ስም ለቄስ ሊያደርስ።

“ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ ጠርቼዋለሁ” አሉ።

ሀረገወይን ስሙን ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ጋሽ ነጋሲ ካፖርታቸውን አነሡ። “ዛሬ ዶክተር ጋ አፖይንትመንት አለኝ፤ ካንስል አድርጊልኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።”

መኪናው ውስጥ ቀበቷቸውን አሰረችላቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም።

“የኔን ስም የያዘው እሱ ነበር” አሉ። “አሁን የሚያውቀው የለም። እዚያው ጻፊልኝ፤ ገብረ ዋሕድ።”

ከአባቷ ስም ሥር ጻፈችው።