ጣቶቿ ያሳበቁባት ማይርና

ማይርና ድንች እየላጠች ነው። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ለጎረቤታችን ለኦፓል ሾርባ ትሠራለች። ኦፓል ዘጠናን አልፋለች። ሾርባው የቀረባት አንድ ሐሙስ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤቴ በመስኮት ሳይ የማይርና ምድጃ ጠፍቷል። ሄድኩ።

«አሞሻል?»

«ልቤ ነው የታመመው» አለችኝ።

በዋዜማው ዩኒቨርሲቲ ለሥነ ልቦና ጥናት ፈቃደኛ ሆና ሄዳ ነበር። መጀመሪያ «አረጋውያንን ይወዳሉ?» ብለው ጠየቋት፤ «በጣም!» አለች። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣትና የሽማግሌ ፊት፣ ደግና ክፉ ቃል እየተፈራረቀ መጣ፤ እሷ የግራውን ወይም የቀኙን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ እየተጫነች መለየት ነበረባት። ሽማግሌና ደግ ቃል በአንድ ቁልፍ ሲጣመሩ፣ ወጣትና ደግ ቃል ከተጣመሩበት ይልቅ ጣቷ ዘገየ። ማሽኑም «ለወጣት ያደላሉ» አላት።

«ለካ ሾርባውን የማደርሰው ለይሉኝታ ነው! በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አንቺ ሞኝ! እኔ ፊደል ስቆጥር ሰኞ ያነበብኩት ማክሰኞ ይጠፋኝ ነበር። አስተማሪዬ ‹ድገሚው› ነው ያለችኝ። አንቺም ድገሚው።»

ስልኩ ጮኸ። ኦፓል ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ሾርባዬን ድመት በላው? ወይስ ባል አገባሽ?»

«ትንሽ አሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እኔ መጥቼ ልሥራልሽ?»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለች ማይርና። ኦፓል አንድ ጊዜ ያሳረረችው ድስት እስከ ዛሬ በማይርና ጓሮ አበባ ተተክሎበታል።

በማግስቱ አብረን ሄድን። የጥናቱ መሪ፣ ዶክተር ብሪን የምትባል ወጣት፣ ፈተናውን ደገመችላት። አሁን ደግሞ ማሽኑ «አያዳሉም» አለ።

«የቱን ልመን?»

«በአንዱም አይፍረዱ» አለች ዶክተሯ። «ይሄ የብዙ ሰው ዝንባሌ በጅምላ ለማየት ይረዳናል እንጂ የአንድ ሰው ውጤት ከቀን ቀን ይዋዥቃል። አንዱ ጥምር ከሌላው ቀድሞ መምጣቱ እንኳ ጣትን ያዘገያል። ያኔውኑ ልንነግርዎት ይገባ ነበር፤ ይቅርታ።»

«በአፌ ‹በጣም እወዳለሁ› ያልኩትስ?»

«እሱም ይሉኝታ ይገባበታል። ‹ሽማግሌ እጠላለሁ› የሚል ማን አለ?»

«ታዲያ ልቤን በምን ልትለኩት ነው?»

«መለኪያውን ገና እያቃናነው ነው» ብላ ሳቀች።

ማይርና እንደተመለሰች ድስቷን ጣደች። ሾርባውን ስናደርስላት ኦፓል ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጨው በዝቷል። ልብሽ የት ሄዶ ነው?»

ማይርና ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ይህን ስጽፍ ድንቹን እየላጠች አደራ ብላኛለች፦ ማሽን ስለ ልባችሁ አንዴ ክፉ ቢነግራችሁ፣ እባካችሁ ድገሙት። እስከዚያው ግን የጎረቤታችሁ ሾርባ እንዳይቀዘቅዝ።