ቡቺ እህል የተከለከለች ጊዜ

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ዶክተር ሙቱዋ መጀመሪያ ያሳየኝ የምርመራ ክፍሉን አይደለም፤ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ያለውን የምግብ መደርደሪያ ነው። «ሰው የሚመጣው ለምርመራ ነው፤ ክሊኒኩን ደግፎ ያቆመው ግን ይሄ ነው» አለኝ። ከላይ የተደረደሩት ከረጢቶች ተኩላ ተስሎባቸዋል። እህል፣ ማለትም ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ፣ የሌለበት ምግብ መሆኑም በትልቁ ተጽፏል።

እኔ የመጣሁት ከአርሲ ነው። እዚያ የማክመው የእርሻ በሬና የጋሪ ፈረስ ነበር። ገበሬው በሬውን እየጎተተ ሲመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለእርሻ ይደርስልኛል ወይ?» ይለኛል። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ናይሮቢ ሲዛወር ተከትዬው መጣሁ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የተኩላ ዘር ስለሆነች እህል አይስማማትም አለችኝ። ይህቺ የተኩላ ዘር ሶፋ ላይ ለመውጣት እንኳን ሰው የምትለምን ነበረች። ሳቄን ዋጥኩት። ያኔ ገና መናደድ አልጀመርኩም።

የተናደድኩት በሰብለ ውሻ ነው። ሰብለ የአገሬ ልጅ ናት፤ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት ትሠራለች። እኩያሞች ስለሆንን ከመጀመሪያው ቀን አንቺ ተባብለናል። ቡቺ የምትባል ነጭ፣ ከድመት እምብዛም የማትበልጥ ውሻ አለቻት። ውሻዋን አቅፋ የገባችው የቤት ሠራተኛዋ ዋንጂሩ ነበረች።

«ሌሊቱን ሙሉ ስታክ ነው የምታድረው» አለች ሰብለ። «ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ፤ የእህል አለርጂ ነው። እህል የሌለበትን ላስጀምራት ወይስ ይቅር? አንቺ ወስኚልኝ።»

ምግብ ከመወሰኔ በፊት ቆዳ አያለሁ። ጥርሱ የተጠጋጋውን የቁንጫ ማበጠሪያ ይዤ ከጅራቷ ሥር ጀምሬ ጀርባዋን አበጠርኩ። የረገፈውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። ብናኙ ቀይ ሆኖ ሟሟ። አፈር ቢሆን ቀይ አይሆንም፤ ይሄ ደም የጠጣ ቁንጫ ኩስ ነው። መድኃኒቱን የምታደርግላት ዋንጂሩ ስለሆነች፣ እሷም እንድትሰማ ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ቁንጫ ነው፣ የቁንጫ ጠብታ መድኃኒት በየወሩ ማጅራቷ ላይ አድርጉላት፣ ምንጣፉንና መኝታዋን እጠቡ፣ ምግቧን አትንኩባት አልኳቸው።

የሰብለ ፊት ተለዋወጠ። ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረች።

«በሠራተኛዬ ፊት ቤትሽ ቁንጫ አለበት ትይኛለሽ?»

«ቁንጫ የትም አለ፣ ሰብለ። ከጎረቤት ግቢም ይመጣል።»

«እኔ ቤት ቁንጫ የለም» አለችና ተነሳች።

የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። አለርጂ ቢባል አይከፋውም፤ እንዲያውም ለጓደኛ የሚወራ የሠለጠነ በሽታ ነው። ቁንጫ ግን የውሻዋ ባለቤት ገመና ነው፤ ቤቷን የማታጸዳ ሴት ተብላ የምትታማበት። ስለዚህ ሰብለ አለርጂውን መረጠች። ዶክተር ሙቱዋ መቀበያው ላይ አገኛትና «ምግብም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል» ብሎ ባለተኩላውን ከረጢት አሸክሞ ሸኛት። የቁንጫውን ጠብታ አልወሰደችም። ቢሮው ገብቼ ለምን እንዲህ አደረግህ ስለው «ደንበኛን አናሳፍርም» አለኝ።

ያ ከረጢት ሥጋ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ውስጡ አብዛኛው አተርና ምስር ነው። ቡቺ በተኩላ ስም ሽሮ ስትበላ ከረመች ማለት ነው።

ከወራት በኋላ ተመለሱ። ቡቺ ደረጃ ስትወጣ ወድቃ ራሷን ስታ ነበር። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ ሳደርግ የልብ ምቷ ደካማና የተዛባ ነው። በአልትራሳውንድ ሳያት ልቧ ሰፍቷል፤ ግድግዳው ሳስቷል። ቁንጫውም እንዳለ ነው።

ሰብለ የምታየው ቡቺን ሳይሆን ዋንጂሩን ነበር። «ተደብቃ ኡጋሊ ስትሰጣት ያዝኳት» አለችኝ፤ ኡጋሊ የኬንያ የበቆሎ ገንፎ ነው። «ማሳከኩም አልተዋት፤ አሁን ደግሞ ልቧን ገደለችብኝ። ዛሬ አባርራታለሁ። አንቺ ብቻ እህሉ መሆኑን ንገሪኝ።»

ዋንጂሩ አማርኛ ባትሰማም ኡጋሊ የሚለውን ሰማች። «ዳክታሪ፣ ያንን አልበላም ስትል ነው ከራሴ ሳህን የሰጠኋት» አለች። ሥራዋ በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

በእንግሊዝኛ መለስኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «ኡጋሊ ልብ አያሰፋም። አተርና ምስር የበዛባቸው፣ እህል የሌለባቸው ምግቦች ግን በልብ በሽታ ይጠረጠራሉ። ገና ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም፤ እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ አስቁሜዋለሁ። ማሳከኩ ቁንጫ ነው፤ ያኔም ቁንጫ ነበር። ዋንጂሩ ምንም አላጠፋችም።»

ዶክተር ሙቱዋ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሰብለ ወደ እሱ ዞረች። «እህሉ ሊሆን አይችልም?» አለችው።

«እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል» አላት።

ውሸት አልተናገረም። እኔን ያበገነኝም ይሄ ነው። ስለ ከረጢቱ እርግጠኛ መሆን ያስቸግር ይሆናል፤ ስለ ኡጋሊው ግን ምን የሚያስቸግር ነገር አለ? ሰውዬው የሚያውቀውን ከማያውቀው ጋር አደባልቆ፣ መደርደሪያውን አዳነ። ሰብለም የምትፈልገውን አገኘች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው። ዋንጂሩ በዚያው ቀን ተባረረች።

ቡቺን የልብ መድኃኒት አስጀመርኳት። ምግቧንም ሩዝ ወዳለበት ቀየርኩ። ጠብታውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ በገዛ እጄ አደረግኩላት፤ ቤት ውስጥ የሚረጨውንም የቁንጫ መድኃኒት ሰብለ እየተነጫነጨች ወሰደች። ለቀጣዩ ምርመራ ስትመጣ ቡቺ በራሷ እግር ገባች። ልቧ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ተሽሎታል። በማከክ የተመለጠው ቆዳዋም ጸጉር አብቅሏል።

«አየሽ?» አለች ሰብለ ደስ ብሏት። «ያቺ ልጅ ከወጣች ወዲህ ዳነችልኝ።»

«ሰብለ፣ ቡቺ አሁን የምትበላው ሩዝ ነው። ሩዝ እህል ነው። እህል እየበላች ነው የዳነችው። ታዲያ ዋንጂሩ የተባረረችው በምን ጥፋቷ ነው?»

የቡቺን ማሰሪያ አነሳችና «አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የምትይዘው ከዶክተር ሙቱዋ ጋር ብቻ ሆነ። ዋንጂሩን እንድትመልሳት ሁለቴ ስልክ ደወልኩላት፤ አላነሳችም።

በዚህ ሙያ ለምትከተሉኝ የምለው ይህን ነው። አለርጂ መሆኑ በአግባቡ ሳይጣራ ትንሽ ውሻን እህል አትከልክሉ። የሚያሳክካት ከሆነ መጀመሪያ አበጥሩ። ቁንጫ ካገኛችሁ በስሙ ጥሩት፤ የውሻዋ ባለቤትም፣ አለቃችሁም ቢቀየማችሁ። ሐኪም ቁንጫን በስሙ ካልጠራ፣ ቤት ውስጥ የሚጠራው የሠራተኛዋ ስም ነው።