ለቅሶ ደራሽ ያጠጣው እንዳሁላ

ውሃ ሕይወት ነው ይባላል። ውሸት ነው። ዛሬ ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው ቤቴ፣ እንዲበቅል መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት የእንዳሁላ ቅጠል፣ ልጄ አዝናለት አጠጥታው በስብሶ ሸተተኝ። የአባቴ ለቅሶ ትዝ አለኝ።

ያኔ የምንኖረው ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የአባቴን እንዳሁላ በሐዘኔታ ውሃ አጠጣው፤ በሳምንቱ ግንዱ ላሸቀ። አክስቴ ደህና የቀረችውን አንዲት ወፍራም ቅጠል ቆርጠው ደረቅ አፈር ላይ አጋደሟት። ከአባቴ እጅ የቀረን ሕያው ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

«እትዬ፣ ትንሽ ውሃ ላድርግላት?»

«ተው! ወንድሜን በሽታ ገደለው፣ አበባውን ለቅሶ ደራሽ። መጀመሪያ ቁስሏ ይድረቅ። ሲጠማት ሥሯን ራሷ ታወጣለች።»

ቅጠሏ ሥር ሳታወጣ አክስቴ ቤት ቀየሩ፤ በመኪና ጭናቸው ላይ አድርገዋት ሊንውድ የሚባል ከተማ ገቡ። ቅጠሏ ከዚያ ምን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም።

እናንተ ግን ለለቅሶዬ ስትመጡ ሻያችሁን ጠጡ፤ አበቦቼን አትንኩ።