አርብ አርብ የሚሰበረው ቧንቧ

ውሃ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አንጋፋው ቫልቭ ከፋች ኦቦ ቱፋ ያስጨበጡኝ ከቁመቴ ብዙም የማያንስ ብረት ነበር። የቫልቭ ቁልፍ ነው። የመንገድ ዳሩን ጉድጓድ ክዳን አንስተው «መግባት አያስፈልግም፤ ከላይ ሆነህ ቫልቩ ላይ ግጠመው» አሉኝ። ጉልበቴን ላሳያቸው በፍጥነት ማሽከርከር ስጀምር ቁልፉን ያዙብኝ።

«ቀስ በል ልጄ። ውሃን በድንገት ከለቀቅከው ቧንቧውን ይሰብረዋል። እየቆጠርክ ክፈት።»

ራሳቸው ቆጠሩልኝ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። አባቴ አገዳ ቆራጭ ነበር፤ ቤታችን የሚነገረውም አማርኛ ነው። ቫልቭ የከፈትኩት ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ በኦሮምኛ እየቆጠርኩ ነው። በአማርኛ ብቆጥር ዙሩ የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን አዳማ ነው የምኖረው። የሠራሁባት ከተማ ግን ከአዳማ ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ በዚያ መስመር ያሉ ከተሞች ታሪካቸው ተቀራራቢ ነው።

ውሃው ለሁሉም በአንዴ ስለማይበቃ በፈረቃ ነበር የምናድለው። የጉብታው ሰፈር ተራ ቅዳሜ ነው። ከፍታ ላይ ስለሆነ የታችኛው መስመር ካልተዘጋ ውሃ አይወጣለትም። በታችኛው መስመር ላይ ደግሞ ሆቴሎቹ አሉ።

እኔ ስጀምር ሆቴል የሚባለው አንድ ብቻ ነበር፤ ሻወሩም በጋራ። ቀስ በቀስ የሐይቁ ዳር በሙሉ ተያዘ። መዋኛ ገንዳ መጣ፣ በቀትር የሚጠጣ ሣር መጣ፣ ከመስመሩ ላይ ውሃ የሚስብ ፓምፕ መጣ። አርብ ከሰዓት ሚኒባሶቹ ስብሰባተኛና ሙሽራ ጭነው ሲደርሱ ከተማው ደስ ይለዋል። እኔም አልጠላሁትም። የገዛ እህቴ አንዱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ነው ልጆቿን ያስተማረችው። ሆቴል ክፉ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ እሷ ትዝ ትለኛለች።

የስርጭት ኃላፊያችን ከእኔ የሚያንስ፣ ጨዋ ኢንጂነር ነበር። አርብ ይደውልና «ጋሽ ደምሴ፣ እንግዳ አለ» ይለኛል። ሌላ ትእዛዝ የለውም። እንግዳ አለ ማለት የነገውን የጉብታ ፈረቃ እርሳው፣ የታችኛውን መስመር አትዝጋ ማለት ነው። የጉብታ ሰዎች ሲጠይቁኝ ደግሞ ትናንት ቧንቧ ተሰብሯል እላለሁ። ይህን እንድል ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ያመጣሁት ነው፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ጉብታው ላይ የቦኖውን ቁልፍ የምትይዘው እትዬ ዘይነባ ናት። ወሎ ተወልዳ እዚያ ያረጀች፣ ምላሷ ስለታም ሴት። አንድ ቀን ባዶ ጄሪካኗ ላይ ተቀምጣ «አንተ ደምሴ፣ ይሄ ቧንቧ አርብ አርብ ብቻ ነው እንዴ የሚሰበረው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ እንግዳ ነበረ። ሦስተኛው ላይም ተደወለ። ጉብታው ውሃ ካየ ሰነባብቷል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቫልቮቹ ያሉበት ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ ሳለ አሥር የሚሆኑ ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው ቁልቁል መጡ። ሊደበድቡኝ መስሎኝ ቁልፉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከፊት የነበረው ጀማል የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ የእትዬ ዘይነባ ባል የእህት ልጅ።

«ጋሼ፣ የተሰበረው የት ጋ ነው?» አለኝ። «አጎቴ ሌሊት ዐረፈ። ለጀናዛው እጥበት ከየጎረቤቱ ብንለምን አንድ ጄሪካን አልሞላም፤ ያለውም የከረመ ነው፣ ይሸታል። ቦታውን ብቻ ያሳዩን። እኛ እንቆፍራለን፣ እርስዎ ይጠግኑ።»

አንዱ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ጠቅልለዋል። ጭቃ ውስጥ ሊገቡ ነው የመጡት። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«የተሰበረ ነገር የለም» አልኳቸው። «ውሃው ሆቴል ሄዷል። የላክሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

የታችኛውን መስመር ዘጋሁ። ከዚያ ቁልፉን በጉብታው ቫልቭ ላይ ገጥሜ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ማለት ጀመርኩ። እጄ ቸኩሎ ነበር፤ ነገር ግን ብቸኩል በዚያች ጠዋት ቧንቧው እውነትም ይሰበር ነበር። ጀማል አቆጣጠሩ ሲገባው ከጎኔ ቆሞ አብሮኝ ቆጠረ። ጉብታው ላይ ስንደርስ ቦኖው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ጠራ። ጄሪካኖቹን ተሸክመው ወደ ለቅሶው ቤት ሮጡ። ሰውየው ከቀትር በፊት ተቀበረ።

ኢንጂነሩ ደወለ። «ጋሽ ደምሴ፣ ምን ነካዎት? ገንዳው በግማሽ ቀረ፣ የሆቴሉ ሰዎች እየጮሁብኝ ነው። እንግዳ አለ አልኩዎት እኮ።»

«እዚህም እንግዳ አለ። ድንኳን ሙሉ።»

«ታዲያ ተሰብሯል አይሏቸውም ነበር?»

«አልኳቸው። አካፋ ይዘው መጡ።»

ስልኩን ዘጋ። ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈርሜ ተቀበልኩ። አልተከራከርኩም፤ ትእዛዝ ጥሻለሁ።

እንግዳው በዚያ አላበቃም። አርብ ስልኩ ይጮኻል፣ አንዳንዴ እምቢ እላለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ግን እታዘዛለሁ። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘይነባ ጥቁሯን እንደለበሰች ቦኖው ጋ ቆማ «ዛሬስ ተሰብሯል?» አለችኝ።

«አልተሰበረም። ሆቴል ሄዷል።»

ባዶ ጄሪካኗን አነሳች። «ውሃችንን ለሆቴል አትስጥ ብልህስ መች ትሰማኛለህ። ግን እንዲህ ብለህ ንገረኝ» አለችና ወደ ቤቷ ገባች። በሚቀጥለው ሳምንት የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ቢሯችን በር ላይ ተቀመጠች። የሚጠይቁት ጥገና ሳይሆን የቅዳሜ ተራቸውን መሆኑን አሁን ያውቁ ነበር።

ቁልፉን ለተረከቡኝ ወጣቶች የነገርኳቸው ይህንን ነው። ስትከፍቱ ቁጠሩ። ስትዘጉ ለምን እንደምትዘጉ እውነቱን ተናገሩ። ለመናገር የሚያሳፍራችሁ ከሆነ አትዝጉት።