ያፈረሰ አይጠግንም

ቦንጋ የተመደብኩት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አሰልጣኝ ሆኜ ነው። የመጣሁት ከጎጃም ነው፤ ቁጣዬንም ይዤው መጥቻለሁ። ሻንጣዬን ፈትቼ ሳልጨርስ ዝውውር የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ ያጣራሁ ሰው ነኝ። ዝናቡ አላስወጣ አላስገባ አለኝ፤ ያጠብኩት ሸሚዝ በሳምንቱም አልደርቅ አለ። ከዝናቡ ይልቅ ያናደደኝ ግን የሰልጣኞቼ ጨዋነት ነበር።

ጨዋነት እንዴት ያናድዳል የሚል ሰው አስተምሮ አያውቅም። አስረድቼ «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «ገብቶናል» ይሉኛል። ያልገባው ካለ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ መሮና መዶሻ ሲይዙ ያልገባቸው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጊዜው አሳታፊ ሥልጠና የሚባል ነገር የመጣበት፣ ሁሉም ሰው በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር። እኔም አደራጀኋቸው። ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። በእኛ ዘንድ ግን አንዱ አንበሳውን ሲያስር የቀሩት ቆመው ያያሉ። በየቡድኑ እጁ የተፍታታ አንድ ልጅ አለ፤ ሥራው ሁሉ የእሱ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ማንኪራ ከሚባል መንደር የመጣ ልጅ ነበር፤ እጀ ወርቁ እለዋለሁ። በእሱ ቡድን ውስጥ ከደካ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድምጿን የምሰማው ስም ሲጠራ ብቻ ነው። እሱ ሲቆርጥ እሷ የእንጨቱን ጫፍ ይዛ ትቆማለች። ሲያልቅ ለሁሉም እኩል ማርክ እሰጣለሁ።

የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ቡድን አያውቅም። እያንዳንዱ ብቻውን ነው፤ ከእንጨቱና ከሰዓቱ ጋር። ከእነዚህ በፊት የነበሩት ሰልጣኞች ለምዘና ሲቀርቡ ጫፍ ሲይዙ የከረሙት ሁሉ ወደቁ። የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ደግሞ ተደራጅቶ የመሥሪያ ቦታ አያገኝም፤ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዲናችን ሻይ ጋበዙኝና፣ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ የእንጨት ሥራ ክፍል እንደሚታጠፍ፣ ወርክሾፑም ለአካውንቲንግ እንደሚሰጥ ነገሩኝ። ዝውውር ሲመኝ ለከረመ ሰው መልካም ዜና ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። መሄድ ሌላ፣ መባረር ሌላ።

በንዴቴ ግምገማ ጠራሁ። እያንዳንዱ ተነስቶ የጓደኛውን ሥራ ይተች አልኩ። አንዱ ተነሳና የጓደኛው ሥራ ጥሩ መሆኑን ተናገረ። ጓደኛውም ተነስቶ ምስጋናውን መለሰ። እግሩ እንደ ፍየል ቀንድ የተጣመመ ወንበር ሳይቀር ተመሰገነ። ግምገማ የሚባለውን ነገር ከወላጆቻቸው የቀበሌ ስብሰባ ያውቁታል፤ እዚያ የተናገሩት ነገር እስከ ቤት ተከትሎ እንደሚመጣም ያውቃሉ። ማን ሞኝ አለ?

በዚያው ሰሞን እጀ ወርቁ የእናቱ ማድ ቤት በዝናቡ ስላዘነበለ ቅዳሜ በደቦ አዲስ እንደሚሠራ ነገረኝ። ክፍሉ በሙሉ ተጠርቷል፤ እኔም ቅር እንዳይለው ሄድኩ። የማንኪራ መንገድ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ስንደርስ ምሰሶው ቆሟል፤ የቀረው ማገር ማሰር ነው። ለእንግድነቴ ወንበር እጠብቃለሁ፣ እናትየው አንድ ጥቅል ሐረግ አስታቀፉኝ።

አሰርኩ። ያሳመርኩት መሰለኝ። ውኃ ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ ቆም አሉና ቋጠሮዬን ነቅነቅ አድርገው ፈቱት፤ ሐረጉን እጄ ላይ መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተቆጡኝም፣ አልሳቁብኝም፣ አላሰሩልኝምም። እንደገና አሰርኩ። አሁን የፈታብኝ እጀ ወርቁ ነው፤ ያ ክፍል ውስጥ ጠማማውን ሁሉ ቆንጆ ነው የሚለው ልጅ። የሚቀጥለውን የፈታችው ደግሞ ያቺ የደካዋ ዝምተኛ ናት። ሐረጉን መለሰችልኝና ከጎኔ ቆማ የራሷን ቀስ ብላ ማሰር ጀመረች። እንዳየው መሆኑ ገባኝ፤ አየሁ።

ዞር ብዬ ስመለከት ለካ ሁሉም የሁሉንም ይፈታል። ልጅ የሽማግሌውን፣ ሽማግሌው የጎረቤቱን። ቅር የሚለው የለም። ምሳ ቆጮና ጎመን ቀረበ፤ ቤቱ የፕሮቴስታንት ስለሆነ ጠላ አልነበረም፣ ይህን ሳላዝን አላልፍም። እየበላን እናትየውን ጠየቅኳቸው፤ የፈታው ሰው ለምን በዚያው አጥብቆ አያስረውም?

«መምህር፣» አሉኝ፣ «እሱ ካሰረልዎ ነገ ሰው ቤት ደቦ ሲኖር እርስዎን ማን ይጠራል?»

ሰኞ ጠዋት ግምገማው ቀረ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ የላላ መጋጠሚያ ያየ ያፍርስ፤ ያፈረሰ አይጠግንም፤ ለሠሪው እጅ ይመልስ። የማንኪራው ማገር ነው፣ ማርክ የለበትም አልኳቸው። መጀመሪያ ተያይተው ሳቁ። ከዚያ ማፍረሱ ጣማቸው። ያ ጸጥ ያለ ወርክሾፕ ገበያ ሆነ፤ በካፊኖኖ ይከራከራሉ፣ ነገሩ ሲከር ለእኔ ዳኝነት ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ከሁሉም የተቸገረው እጀ ወርቁ ነበር። ጠማማ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። አፍርሶ ከመለሰ በኋላ እንዳይነካው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል።

የደካዋ ልጅ ግን ጫፍ መያዝ ቀረባት። የሠራችው በፈረሰ ቁጥር መልሳ ትሠራለች። ድምጿ አሁንም የለም። ለእሷ እሰጋ ነበር፤ ጫፍ ስትይዝ የከረመችው ካለፈች ሌሎቹም ያልፋሉ ብዬ በልቤ ይዤዋለሁ።

ችግሩ ሁሉም ነገር ስለሚፈርስ አንድም ወንበር አላለቀም። በዚህ መሐል ዲናችን ከዞን ለሱፐርቪዥን የመጡ እንግዳ ይዘው ገቡ። ያገኙት ያልተጋጠመ እግርና መደገፊያ ክምር ነው። የዲናችን ፊት ሲለዋወጥ ለማሳያ የሠራሁትን የራሴን ወንበር ቶሎ ብዬ ለእንግዳው አቀረብኩ። ክረምት ላይ የሠራሁት ነው፤ እኮራበታለሁ። እንግዳው ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ የደካዋ ልጅ ቀደመቻቸውና ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበችው። አንዱን እግር ነቀነቀች። በክረምቱ እርጥበት አብጦ ጥብቅ ያለው እንጨት በበጋው ደርቆ ኖሯል። ነቀለችውና እጄ ላይ አኖረችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ላልቷል» አለች።

ቁጣዬ እስክትነሳ ጠበቅኩ፤ ሳቄ ቀድሟት መጣ። እዚያው እንግዳው ፊት ቁጭ ብዬ እግሩን ማስተካከል ጀመርኩ፤ እንግዳውም ጉብኝታቸውን ቆመው ጨረሱ። ከስም ጥሪ ውጪ የሰማሁት የመጀመሪያ ንግግሯ ነበር። ቦንጋ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የምዘናው ቀን መዛኞች ከሌላ ከተማ መጡ። ሥራው በርጩማ ነው፤ ያለ ምስማር፣ በመጋጠሚያ ብቻ። እኔ መግባት ስለማይፈቀድልኝ ውጪ ቆሜ በመስኮት አያለሁ። በጠዋቱ ዙር የተፈተነው እጀ ወርቁም ከጎኔ ቆሟል። የደካዋ ልጅ ከሌሎቹ ቀድማ ጨረሰች። በርጩማዋን መሬት ላይ አቆመችው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ነቅነቅ አደረገችው። መዶሻዋን አነሳችና አንዱን እግር መታ መታ አድርጋ ነቀለችው።

የእጀ ወርቁ እጅ ከኪሱ ወጣ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። መስኮቱን ላንኳኳ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ማንኪራ ሐረግ ስታስር እንዳየኋት፣ ከቁራጭ እንጨት ስስ ሽብልቅ አወጣች፤ እግሩ ጫፍ ላይ ሰክታ መልሳ መታችው። መዛኙ ጊዜ ማለቁን ሲናገሩ መዶሻዋን አስቀመጠች። መዛኙ በርጩማውን በሁለት እጃቸው ጠመዘዙት፤ ቀጥለው ተቀመጡበት፤ ተነሱና ወደሚቀጥለው ሰልጣኝ አለፉ።

ውጤቱ ሲለጠፍ አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እሷም አልፋለች። ለአካውንቲንግ ሌላ ክፍል ተፈለገ። የዝውውር መጠየቂያው ጊዜም መጥቶ ነበር፤ ያስታወስኩት ካለፈ በኋላ ነው። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሁሉም ሲተቃቀፉ የደካዋን ልጅ ጠርቼ ተቆጣኋት፤ ቆሞልሽ የነበረውን በርጩማ፣ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ማፍረስ ምን የሚሉት ድፍረት ነው አልኳት።

«ቲቸር፣ ብቻዬን ነበርኩ» አለችኝ። «ማን ያፍርስልኝ?»