ከዜናው ያወጣኋት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሳምንት ሮማናት አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ የገዛሁት የገብስ ቆሎ ግማሹ አሯል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። አጠገቤ የቆመው ሰው የቆላችውን ሴት ወቀሰ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የምጣዱ አይደለም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ እዚሁ መቀሌ፣ ለአንዲት ትንሽ ጋዜጣ የግብርና ዜና እጽፍ ነበር። አንድ ባለሙያ ዩሪያ ማዳበሪያ የገብስ ምርት እንደሚጨምር ነገረኝ፤ ጻፍኩት። ቦታ ስለጠበበኝ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አወጣኋት፦ «ቡቃያው አጭር ሳለ ነው የሚጨመረው፤ ከዘገየ እህሉን ያበላሻል።»

በኅዳር መጨረሻ ሐጎስ የሚባል መምህር ቢሮዬ መጣ። «ዜናህን ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ትፈልግሃለች» አለ። «አንተ ብትሄድ ይሻልሃል፤ እሷ ከመጣች ጋዜጣው ይዘጋል።»

እስከ ቁሓ ከተማ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በማን እንደማሳብብ አስባለሁ፦ በባለሙያው? በአዘጋጁ? ከዚያ ከሐጎስ ጋር ዳገቱን በእግር ስንወጣ አዲስ የታጨደ ገለባ ይሸታል።

የሐጎስ እናት ኣደይ ለተብርሃን አውድማው ላይ ነበሩ። ከኋላቸው ጭድ ተቆልሏል።

«በሬዎቹ አመስግነውሃል፤ ጭዱ ተርፏቸዋል» አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። አንዱ የገብስ ፍሬ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ ሌላው ሳይበስል የታጨደ፣ አረንጓዴ። «ዘለላ ሲያወጣ ደስ አለኝ፤ ይበልጥ ይወፍር ብዬ ያን ጊዜ ጨመርኩለት። መቼ እንደሚበቃው ግን አልሰማሁም፣ ወደይ ልጄ።»

«አልጻፍኩትም፣ ኣደይ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በጥር ልጄን እድራለሁ። የሠርጉ ምግብ ጥሕሎ የሚሠራው ከተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ይሄ ሲቆላ ቀጭኑ ያራል፣ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። ለአማቾቼ ይሄን ላጉርስ?»

ሰፌድ ሰጡኝ። እስኪመሽ ሦስታችን ስናንገዋልልና ስንለቅም ዋልን። የተገኘው ደህና ፍሬ ለሙሽሮቹና ለአማቾቹ ገበታ ብቻ በቃ፤ ለሌላው እንግዳ ከጎረቤት ተበደሩ።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም ፊት ገጽ ላይ አወጣሁት። ሐጎስ አነበበላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ይሄኛውስ ሙሉ ነው?» ብለው ጠየቁ አለኝ።

ዛሬም ጽሑፍ አስረክቤ ከቢሮ ስወጣ ደረጃው መሐል እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ ተመልሼ እገባለሁ።